የሚጨስ ሰውዬ

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ተራ ነገር ጠብ ነበር። ጠብ ስል ሰሐን የሚሰብር ዓይነት አይደለም። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ምሳ ተነሥቶ ጠረጴዛው ከተወለወለ በኋላ፣ ወረቀት ላይ የተሳለ አንድ ሰውዬ ጢም ይኑረው አይኑረው ብለን ነው የተጣላነው። እኔ ጢም ያለው ሰው ሲቆጣ ሕፃን ያስፈራል አልኩ። እሱ ደግሞ ጢም የሌለው ሰው ሲቆጣ ማንም አይሰማውም አለ። በዚያ ላይ ቀይ ቀለም አልቆብን ነበር። ለሰውዬው ጉንጭ የሚሆን ቀይ ሥር ሊፈልግ ወደ ጓዳ ገባና፣ የነበረችውን አንዲት ቀይ ሥር ቀቅዬ ለምሳ እንዳቀረብኳት ሲረዳ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«የሰውዬውን ጉንጭ ነው እኮ ያበላሽኝ» አለኝ።

እንግዲህ እንዲህ የተቆጣጣነው፣ ሕፃናት ቁጣቸውን እንዴት እንደሚያበርዱ የሚያሳይ የሥዕል መጽሐፍ ስንሠራ ነው። መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅ፤ እኛም ማምሻውን ስቀናል።

በማግስቱ ለሥራ ወደ ካቺሲ ሄደ። ትኩሳት ይዞት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ ብዬ ነበር፤ ሌላ ቀን ስንቴ መጥቶ ስንቴ ሄደ። እኔም ስጽፍ ቀስ ብዬ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ መጽሐፉ ስላመጣብን ጣጣ ብቻ ነው።

ባለቤቴ የእርሻ ጽሕፈት ቤት ሥዕል ሠሪ ነበር። እርከን፣ ጎርፍ የቦረቦረው ማሳ፣ የፍግ ጉድጓድ ሲስል ስለኖረ፣ የሚስላቸው ሰዎች ሁሉ ትንሽ ትንሽ ተራራ ይመስላሉ። አንድ ጊዜ እኔን ስሎኝ ጎረቤቶች የትኛው ቀበሌ ነው ብለው ጠይቀዋል። እኔ ደግሞ የቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነኝ። የአምስት ዓመት ሕፃን ሲቆጣ ያየ ሰው ሥራዬን ያውቀዋል። አዋቂ ሲቆጣ ሽማግሌ ይልካል፣ ወይም ይከስሳል፣ ወይም አኩርፎ እጃጂ እኅቱ ዘንድ ይሄዳል። ሕፃን ግን የሚሄድበት የለውም፤ ይነክሳል።

በሀገራችን የተቆጣን ሕፃን የምናበርድበት መድኃኒት አንድ ነው፤ «ዝም በል፣ ጅብ መጣ» ነው። በእኛ ከተማ ደግሞ ጅቡ አንዳንዴ የምሩን ስለሚመጣ መድኃኒቱ ከበሽታው ይብሳል። ባለቤቴ ነው አንድ ቀን፣ «ጅቡን ከምታስፈራሪያቸው ቁጣውን ራሱን ብታሳያቸውስ?» ያለኝ። ቁጣ ምን ይመስላል ስለው፣ «ጭስ ነዋ። ሰው ሲናደድ ጨሰ አይደል የሚባለው?» አለና እርሳስ አነሣ።

መጽሐፉ ፊደል የለውም። ልጆቻችን ገሚሶቹ ቤታቸው ኦሮምኛ ነው፣ ገሚሶቹ አማርኛ፣ የቀሩት ደግሞ ድንጋይ እየረገጠ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከወዲህ ወዲያ የሚዘሉ ናቸው። ፊደል ከሌለው ጣጣም አይኖረውም ብለን ነው። አንድ ሰውዬ ገበያ ይሄዳል። እግሩን ይረግጡታል፤ ከጆሮው ቀጭን ጭስ ይወጣል። ባርኔጣውን ፍየል ይበላበታል፤ ጭሱ ይወፍራል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ገጽ ላይ ሰውዬው በጭስ ተውጦ ጫማዎቹ ብቻ ይታያሉ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ይተነፍሳል፤ ጭሱ እየሳሳ ሄዶ ፊቱ ይመለሳል። ለጫማዎቹ ሞዴል የሆኑት የባለቤቴ የራሱ ጫማዎች ናቸው፤ ማሰሪያቸው ሁልጊዜ የተፈታ። ወረቀት ውድ ስለሆነም ጊዜው ያለፈባቸው የመሥሪያ ቤቱ ማስተማሪያ ሥዕሎች ሊጣሉ ሲሉ ለምኖ አምጥቶ፣ ጀርባቸው ላይ ነው የሳለው። ጀርባቸውን እንግዲህ አስታውሱልኝ።

አሁን ስለ አንድ ቃል ልንገራችሁ። እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ አምቦ የመጣሁት በጋብቻ ነው። በመጣሁ ሰሞን እንጨቱ ርጥብ ሆኖብኝ ስታገል፣ ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ በሩ ላይ መጥተው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ ቤቴ ውስጥ «አራ» እንዳለ ነገሩኝ። አዲስ ሙሽራ ነኝ፤ ቤቴ የተጠረገ ነው። ደንግጬ ወለሉን አየሁ፣ ጥግ ጥጉን አየሁ፣ የጫማዬንም ሶል አየሁ። ለካ በኦሮምኛ አራ ማለት ጭስ ነው። ሲቆጡም ያው ነው፤ «ኒ አራ» ካሉ ሰውዬው እየጨሰ፣ እየተናደደ ነው ማለት ነው። አማርኛው ምን እንደሆነ እኔ አልጽፈውም፤ የምታነቡኝ ሁሉ ከጨርቅ ዕድሜያችሁ ጀምሮ ታውቁታላችሁ።

ልጆቹ መጽሐፉን ባዩ በመጀመሪያው ቀን፣ ጭሱ ብቅ ሲል የኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ «አራ» ብለው ጮኹ። የአማርኛዎቹ በሣቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ሣቃቸው ሲያልቅ ቃሉን ሁሉም ወሰዱት፤ እንዲህ ያለ ቃል በአስተማሪ ፈቃድ መጥራትን የመሰለ ደስታ የለም። ያኔ ቃሉን በሌላ መተካት ነበረብኝ። እኔ ግን ትምህርቱ ስለሠራልኝ ዝም አልኩ። አንዱ ልጅ ሲቆጣ ጓደኞቹ በጣታቸው እያሳዩ «አራ፣ አራ» ይሉታል፤ እሱም ደጃፋችን ላይ ያለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ውኃ ያመጡለታል፤ «አራ ገልፈዹ» ይሉታል፤ ዕረፍ፣ ተንፍስ ማለት ነው። ንክሻ ቀነሰ። አንድ ከአዲስ አበባ የተዛወረ አባት ብቻ፣ ልጁ በምሳ ሰዓት ፊት ለፊቱ ቆሞ «አባዬ፣ አራ» ብሎት፣ ልጁን በአንድ እጁ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ መጥቶብኛል። አስረድቼ መለስኩት። ያም ማስጠንቀቂያ ነበር፤ አልሰማሁትም።

እኔው ክፍል የምትማረውን ልጃችንን ሰላም ያልናት እኛ ነን። ስም ያወጣነው መልኳን አይተን እንጂ ጥርሷን አይተን አይደለም። አባቷ ከሞተ በኋላ ያለው ቁጣዋ ግን ሌላ ነበር። የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ትወረውራለች፤ ሊያጽናኑን የመጡ ሰዎችን ነጠላ ትጎትታለች፤ ከዚያ ፊቷ ጥቁር ይልና ትንፋሿ ይቆማል። ያኔ የሚመልሳት አንድ ነገር ብቻ ነበር። መጽሐፉን ወስዳ ድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች፤ ጫማዎቹ ብቻ የሚታዩበትን ገጽ ትገልጣለች፤ የተፈታውን ማሰሪያ በጣቷ ትከተለዋለች። ትንፋሿ ሲመለስ ሌላውን ገጽ ትገልጣለች። እኔ ተቀምጬ ጣቷን አያለሁ። ከዚያ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ የለም፤ የሳለውም እጅ የለም።

እንዲህ እያለን ነው የበላይ አካል መዋዕለ ሕፃናትን ሊጎበኝ ይመጣል የተባለው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር በስብሰባ ሰዓት ጓድ ቱሉ፣ ከስብሰባ ውጪ ኦቦ ቱሉ ናቸው። በዋዜማው ሁለቱንም ሆነው መጡ። በጓድነታቸው ግድግዳው እንዲታጠብ አዘዙ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በኦቦነታቸው፣ «ያቺን የጭስ መጽሐፍ ደብቂያት። ያልተፈቀደ የማስተማሪያ ጽሑፍ ካየ ይወስዳታል። ከወሰዳት ደግሞ እኔም አላመጣልሽም» አሉኝ። ጽሑፍ የለውም እኮ ብላቸው፣ ጽሑፍ የሌለው እንደሚብስ ነገሩኝ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ አይታወቅማ።

መጽሐፉን በምንጣፍ ማስቀመጫው ሣጥን ውስጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር ቀበርኩት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እንግዳው ረፋድ ላይ ደረሰ። ልጅ እግር ነው፤ ጸጉሩ በደንብ የተበጠረ፣ ካኪው የተተኮሰ። መኪናው ሞተሩ ሳይጠፋ ደጅ ቆመ፤ ገና እጃጂ ይሄዳል። የያዘው ወረቀት አምቦን በድሮ ስሟ ሀገረ ሕይወት ስለሚላት፣ ሾፌሩ የሀገረ ሕይወትን መንገድ ሲጠይቅ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው መንገዱን ወደ ሰማይ አመልክተውታል አሉ። እንግዲህ ገና ሳይገባ ግማሽ ተናዶ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አንጥፈን፣ የከተማችንን ጋዝ ያለው ውኃ ከፍተን፣ ወንበር ሰጠነው። ልጆቹ ዘመሩ። አልተሳሳቱም። ኦቦ ቱሉ በዐይናቸው ጥሩ ነው አሉኝ። እኔ ሣጥኑን ላለማየት ስል ጣሪያውን እያየሁ ነበር፤ እንግዳው ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ከዚያ ልጆቹን መጠየቅ ጀመረ። ክፋት የለውም፤ አዋቂ ሕፃን ሲያይ የሚጠይቀውን ነው የጠየቀው። ሰላም ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ስሟን ጠየቃት፤ ነገረችው። «ጎበዝ። አባትሽስ የት ነው የሚሠራው?» አላት።

የሰላም ፊት ሲጠቁር አየሁ። ልደርስ ስል እግሯ ቀደመኝ፤ የጠረጴዛውን እግር ረገጠችው፤ ጠርሙሱ ተገለበጠና ውኃው በሙሉ እንግዳው ጭን ላይ ፈሰሰ። ልጆቹ ምን ያድርጉ? ያስተማርኳቸውን አደረጉ። በፍቅር፣ በአንድ ድምፅ፣ «አራ፣ አራ» አሏት።

እንግዳው ሱሪው ከፊት ለፊት ርሶ ቆሟል።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለኝ።

«ጭስ ነው፣ ጓድ» አልኩ።

«የምን ጭስ?» አለና ዙሪያውን አየ። ጭስ የለም። ሰላምን አየ፤ ከዚያ ቋንቋውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እንደመሆኑ፣ ነገሩ እሷን የሚመለከት ቢሆን «አራች» መባል እንደነበረበት ገባው። ወንድ ነው የተባለው። ልጆቹን አየ፣ ኦቦ ቱሉን አየ፣ በመጨረሻ የራሱን ሱሪ አየ። ፊቱ ላይ ያን ጊዜ የመጣውን ቀለም ባለቤቴ በቀይ ሥርም ባላገኘው ነበር።

ኦቦ ቱሉ ቃሉን ከሁላችንም በላይ ያውቁታል፤ በእሱ ነው ያደጉት። አንድ ቃል ቢተነፍሱ ነገሩ ያበቃል። ግን ያን ቃል ከበላይ አካል ፊት ቆሞ መጥራት ቀላል አይደለም። ከንፈራቸውን ነክሰው ግድግዳውን ያዩ ጀመር፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። በፍርሃት መስሎኝ አዘንኩላቸው። ለካ ሣቅ ነው።

በዚህ መሐል ሰላም፣ ስደብቀው አይታኝ ኖሮ፣ ተነሥታ ወደ ሣጥኑ ሄደች። ብርድ ልብሶቹን አንድ በአንድ አወጣች። መጽሐፉን ይዛ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና ጫማዎቹን ገለጠች። አስተማሪ ልጅ የተማረውን ሲያደርግ ሲያይ ይኮራል ይባላል። እኔስ ያን ኩራት ለሌላ ቀን በወደድኩ።

እንግዳው ሄዶ መጽሐፉን ከጭኗ ላይ አነሣው። ሰላም አልታገለችም፤ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ሰውዬውን በጭስ ተከቦ አየ። ቅጠሉን ገለበጠ፤ ጀርባውን ማለቴ ነው። በትልልቅ ፊደል «ፍግ ሀብት ነው፤ አናባክነው» ይላል። ሌላውን ገለበጠ፤ «ፍጉን በጉድጓድ እናጠራቅም» ይላል። ከብቱን ከኋላው የሚያሳይ ሥዕልም አለበት። አሁን በአእምሮው ሁሉም ነገር ተገጣጠመ።

«ይህን የሳለው ማነው?»

«ባለቤቴ ነው።»

«ይጠራ።»

ለአፍታ፣ በእውነት ነው የምላችሁ፣ እሺ ብዬ ልጠራው የተነሣሁ መሰለኝ። ኦቦ ቱሉ ናቸው ሣቃቸውን ውጠው፣ ሰውዬው በቅርቡ እንዳረፈ፣ ልጅቷም የእሱ እንደሆነች የነገሩልኝ። እንግዳው እንዳፈረ አየሁ። ያፈረ ሹም ግን ከተቆጣው ይብሳል፤ መመለሻ ያጣል። መጽሐፉን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ያልተፈቀደ ማስተማሪያ በመሆኑ ለማጣራት እንደሚወስደው በደረቁ ነገረን። ከዚያ ራሱን ሊያረጋጋ ይመስለኛል፣ ከደረት ኪሱ ሲጋራ አውጥቶ ለኮሰና፣ አንድ ጊዜ ስቦ፣ ጭሱን ወደ ላይ ለቀቀው።

እስቲ ልጆቹን አስቡልኝ። ክረምቱ ካለቀ ጀምሮ ከሰው ራስ ላይ የሚወጣ ጭስ ሥዕል ሲያዩ የከረሙ ልጆች ናቸው። የምሩን የሚጨስ ሰውዬ በዐይናቸው አይተው አያውቁም። ክፍሉ በአንድ ጊዜ «አራ» ብሎ ተነሣ። እንዲህ ያለ ደስታ በዘመን መለወጫም አላየሁም። ከበቡት። በሁለት እጁ፣ በካኪው ጫፍ፣ በረጠበ ሱሪው ይዘው እየጎተቱ ወደ ድንጋዩ ወሰዱት። እጁ ላይ ሲጋራ፣ ብብቱ ሥር መጽሐፍ ስላለ መከላከያ አልነበረውም። ተቀመጠ። አንዷ በጣሳ ውኃ አቀረበችለት፤ ጠጣ። ሌላው ትንሽ መዳፉን ሆዱ ላይ አድርጎለት፣ «አራ ገልፈዹ» አለው።

ኦቦ ቱሉ እዚህ ላይ ፈነዱ። ዐይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ «ጓድ፣ ጭስ ነው። አራ በኛ ቋንቋ ጭስ ነው። ልጆቹ ቁጣህ ጨሰ፣ ተንፍስ ነው የሚሉህ» አሉት።

እንግዳው ሲጋራውን አየ። «ፍጉስ?» አለ።

«ፍጉ የመንግሥት ነው» አሉ ኦቦ ቱሉ።

እንግዳው ሣቀ። ሣቁ ልጅ እግርነቱን መለሰለት፤ እኔም ትንፋሼ ተመለሰ። መጽሐፉን ከብብቱ አውጥቶ፣ እዚያው ድንጋዩ ላይ ከሰላም ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ አሁን በትክክለኛው በኩል ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። ፍየሏ ላይ ደርሶ ፈገግ አለ። በጭስ የተዋጠው ሰውዬ ላይ ሲደርስ ሰላም ጣቷን አኖረች።

«የአባዬ ጫማ ነው» አለችው።

ጣቷ ማሰሪያውን ተከትሎ እስኪጨርስ ገጹን ሳይገልጥ ጠበቃት። ዳነልን ብዬ ማርያምን ማመስገን ጀምሬ ነበር። እሱ ግን ቀስ ብሎ ተነሣና፣ እኔን ሳያይ፣ አብሮት የመጣው ሾፌርም በሩ ላይ ሆኖ ሁሉን እንዳየ፣ መጽሐፉን አይቶ ትቶት መሄድ እንደማይችል፣ ማኅተም አስመትቶበት እንደሚመልሰው ነገረኝ። ሾፌሩን አየሁት። ሾፌሩ ጥፍሩን ያይ ነበር። በዚያን ጊዜ ሰው ሾፌሩንም ይፈራ ነበር።

ሰላም እንደምትነክሰው እርግጠኛ ነበርኩ፤ ላልይዛትም ወስኛለሁ። እሷ ግን ቀና ብላ፣ «አንተም ትቆጣለህ?» አለችው።

«አዎ።»

«መጽሐፍ የለህም?»

«የለኝም።»

አሰበች። «እንግዲያው ውሰደው። ስታርፍ ትመልሳለህ» አለችው።

መኪናው ሄደ። ኦቦ ቱሉ ባርኔጣቸውን አድርገው አወለቁ፣ አወለቁና አደረጉ፣ ከዚያ ሄዱ።

እኔ ሰው በሞተብኝ ጊዜ በደንብ አልቆጣሁም ነበር። ለሚያጽናኑኝ ሁሉ «የእሱ ፈቃድ ነው» እያልኩ አንገቴን ደፍቼ ከርሜያለሁ። ያን ቀን ግን ባዶውን ሣጥን ሳይ በእግሬ መታሁት። ማኅተሙን ረገምኩ፣ የካቺሲን መንገድ ረገምኩ፣ ትኩሳቱን ረገምኩ፣ ማሰሪያውን የማያስረውን ሰው በስሙ ጠርቼ ለምን እንደሄደ ጠየቅሁት። ሞግዚታችን የሆኑት አዴ ጫልቱ ልጆቹ እንዳይሰሙ በሩን ዘጉ። ልጆቹ ግን የነበሩት በበሩ በዚህ በኩል ነው።

ማንም አልጮኸም። በሹክሹክታ «አራ» ተባባሉ። ሰላም መጥታ ጣቴን ያዘችና፣ በሩን አስከፍታ ወደ ድንጋዩ ወሰደችኝ።

«እማዬ፣ እስኪወጣ ድረስ ነው። ዝም ብለሽ ቁጭ በይ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ውኃ አመጡልኝ፤ አንዱ ያመጣውን ጠጥቼ የሌላውን መተው አይቻልምና፣ ክፍሉ ያመጣልኝን ሁሉ ጠጣሁ። አለቀስኩ፣ ጠጣሁ፣ አለቀስኩ። አዴ ጫልቱ አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ይሄ ሁሉ ውኃ በዐይንሽ ካልወጣ የት ይገባል፣ ሃዻ ሰላም?» አሉኝ፤ የሰላም እናት ማለታቸው ነው።

መጽሐፉ አልተመለሰም። ኦቦ ቱሉ ለስብሰባ በሄዱ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ በመታየት ላይ ነው ይሏቸዋል። ሰላም በዚህ አትከፋም። ሰውዬው ገና አላረፈም ማለት ነው ትላለች።

እኔ ሥዕል አልችልም። አሁን ልጆቹ ከምሳ በኋላ ሲተኙ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ፣ ስለምትጨስ አንዲት ሴትዮ መጽሐፍ እስላለሁ።